ከሰም እስከ ስልክ
(ስለ ድምፅ መቅረጫና ማጫወቻ ዕቃዎች በዕድራችን ጠቅላላ ጉባዔ ላይ የተደረገ ንግግር)



 እኛ የተማርነው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በመዝገብ ቤት፣ 38 ዓመት አገልግለን በጡረታ ተሰናብተናል። ስለዚህ የምንናገረው ያየነውን፣ የሰማነውንና ከጡረታ በኋላ ጊዜ ስናገኝ ከመጽሐፍም ከሬዲዮም ያጠናቀርነውን ነው እንጂ የሊቃውንት ንግግር አይደለም። «እኛ» እያልን የምንናገረውም በመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ልማድ ነው። ደግሞም አብዛኛውን ከእናንተው ጋራ ያሳለፍነው ስለ ሆነ «እኔ» ማለቱ አፋችን ላይ ይከብደናል።

ነገሩን ያነሣሣው፣ እንደምታስታውሱት፣ ባለፈው ዓመት በአንድ አባላችን ሐዘን ላይ የተፈጠረው ነው። በሣልስቱ ዕለት ሰው ድንኳን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ የሟቹ ልጅ ስልኩን ከድምፅ ማጉያ ጋራ አገናኝቶ የአባቱን ድምፅ አሰማ። ሰውዬው በሕይወት ሳሉ ልጆቻቸውን ሲመርቁ የተቀረጸ ነው። ድንኳኑ በአንድ ጊዜ በለቅሶ ተናወጠ። ከፊሉ ሰው «ተባረክ፣ አባትህን አስነሣህልን» አለ። ከፊሉ ደግሞ «አፈር የቀመሰ ሰው እንዴት ድንኳን ውስጥ ይናገራል፤ ይህ ነውር ነው» ብሎ ተነሥቶ ወጣ። እውነቱን ለመናገር ከወጡት አንዱ እኛ ነበርን። ታዲያ ከዚያ ወዲህ «በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ ክልከላ ይጨመር» የሚልና «ለምን ሲባል» የሚል ክርክር ተነሥቶ ይኸው እስከ ዛሬ አላበቃም። እኛም በወጣንበት ቀን ማታ እንቅልፍ ስላጣን ስለዚሁ ነገር ስናወጣና ስናወርድ ከረምን።

እንግዲህ የሞተን ሰው ድምፅ መስማት በአገራችን የትናንት ነገር እንዳይመስላችሁ። እዚሁ አጠገባችን የተጀመረ ነው ለማለት ይቻላል። ከቀበና ወንዝ ወዲህ ያለውን የእንግሊዝ ኤምባሲ ግቢ የማያውቅ የየካ ሰው የለም። የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል ሆነው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የመጡት ካፒቴን ሃሪንግተን የሚባሉ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1898 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ሰላምታ የላኩት በወረቀት ብቻ አልነበረም፤ በፎኖግራፍ ተቀርጾ በገዛ ድምፃቸው ነበር። ንግሥቲቱ ድምፃቸው በሰው እጅ እንዳይቀር ስለ ፈለጉ ያ የተቀረጸበት ሰም ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ አዘው ነበርና ጠፋ። በሚቀጥለው ዓመት በ1899 አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ መልሳቸውን እንደዚሁ በድምፅ ሰጡ። የእነሱ ግን አልጠፋም። እኛም በሬዲዮ ሰምተነዋል፤ ከእናንተም የሰማችሁ ብዙ ናችሁ። ድምፁ ከብዙ ጭረት ኋላ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ ነው የሚሰማው። ነገር ግን ንጉሡ ናቸው። ከዚህ ላይ ቁመን ወደ ላይ ብናይ የእንጦጦ ጋራ አለ፤ አዲስ አበባ ሳትቆረቆር ከተማቸው እዚያ ላይ ነበር። ጋራው ዝም ይላል፤ ሰውየው ግን ይናገራሉ። ከሞቱ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል።

ፎኖግራፍ የሚባለውን ዕቃ የሠራው ኤዲሰን የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1877 ነው። አሠራሩን በቀላሉ ለማስረዳት ያህል፣ ሰው ሲናገር አየር ይንቀጠቀጣል። ያ የሚንቀጠቀጥ አየር በቀንድ መሰል ቱቦ ገብቶ ስስ ገበታ ይመታል፤ ከበሮ ሲመታ ቆዳው እንደሚርገበገብ ማለት ነው። ከገበታው ጋራ የተያያዘ መርፌ አለ፤ እሱ በሚሽከረከር ሰም ላይ ይጭራል። መርፌውን መልሰን በዚያው በተጫረው ቦይ ላይ ብናስኬደው ገበታው እንደ ቀድሞው ይርገበገብና ያው ድምፅ ይወጣል። ኤሌክትሪክ የለ፣ ባትሪ የለ። ቅኔው ሁሉ ሰምና ወርቅ ለሆነ ሕዝብ የንጉሡ ቃል በሰም ላይ መቀመጡ ከሌላው ይልቅ ያምርበታል እንላለን።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ሸክላ ነው። ክብና ዝርግ የሆነውን ያወጣው በርሊነር የሚባል በጀርመን የተወለደ ሰው ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1887 ነበር። የሰሙ በርሜል ለማባዛት አይመችም፤ ዝርጉ ግን እንደ ማኅተም በቅርጽ እየተጫነ በሺህ ሊታተም ይችላል። የድሮዎቹ ሸክላዎች የሚሠሩት በሕንድ አገር ከምትገኝ አንዲት ትንሽ ነፍሳት ከሚገኝ ሙጫ ነበር። ሲወድቁ ድርቅ ብለው እንደ እንስራ ይሰበራሉ። የእኛም ሰው «ሸክላ» ማለቱ ከዚህ ይመስለናል፤ እንግሊዞቹ ከሰጡት ስም ይልቅ የእኛው ይሻላል።

ከኢትዮጵያውያን መጀመሪያ በሸክላ የተቀረጹት አዝማሪ ተሰማ እሸቴ ናቸው፤ በኋላ ነጋድራስ የተባሉት። አፄ ምኒልክ አውቶሞቢል ስለ ገባላቸው የመኪናን ነገር እንዲማሩ ወደ ጀርመን አገር ልከዋቸው ሳለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ፣ ማሲንቋቸውን ይዘው ዘፈኖቻቸውን አስቀረጹ። ለሾፌርነት ተልከው በድምፅ ተመለሱ ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ እነዚያው ሸክላዎች ተሰብስበው በሲዲ ወጥተዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። ያ የድሮ ሸክላ በደቂቃ 78 ጊዜ ስለሚዞር የአንዱ ገጽ ሦስት ወይም አራት ደቂቃ ብቻ ነው የሚይዘው። አዝማሪ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ጠጅ እስኪያልቅ፣ ተሿሚ ሁሉ በየስሙ እስኪወደስ፣ ግጥም ተቀባዩ እስኪደክመው ይሄዳል። ያን ሁሉ አራት ደቂቃ ላይ መቁረጥ መጣ። ዘፈን ራስና ጭራ ኖሮት «አለቀ» የሚባለው ከዚህ ዕቃ የተነሣ ነው ብንል አንሳሳትም። ዕቃው ለዘፈኑ ተሠራ ሲባል ዘፈኑም ለዕቃው ተሠራ።

በጣልያን ወረራ ዘመንና ከዚያ በፊት ስለ ነበረው ብዙ አንልም። ከነፃነት በኋላ ግን አንድ ነገር አለ። በ1940 ዓ.ም. ሸክላ የማሳተምና ከውጭ የማስመጣት መብት በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። አገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ጠላት ሊመጣ ሲል ሕዝብን ለማነቃቃት የተቋቋመ ትልቅ ማኅበር ነው፤ ስሙንም በክብር እናነሣዋለን። ነገር ግን መብቱ በአንድ እጅ ስለ ቀረ፣ የክብር ዘበኛው፣ የጦሩና የፖሊሱ ኦርኬስትራ በዚያ ሁሉ ጥሩ ዘመናቸው ከሬዲዮና ከመድረክ አልፈው በሰው ቤት በሸክላ የገቡት ከሚገባቸው እጅግ አነስ ብሎ ነው። ስንቱ ድምፅ እንዲያው አየር ላይ ቀረ።

ያን ክልከላ ደፍረው የሰበሩት አቶ አምሃ እሸቴ ናቸው። የሃያ አራት ዓመት ገደማ ወጣት ነበሩ፤ የሙዚቃ መሸጫ ሱቅ ነበራቸው። በ1961 ዓ.ም. «አምሃ ሪከርድስ» በሚል ስም ሸክላ ማውጣት ጀመሩ። የመጀመሪያው የዓለማየሁ እሸቴ ነበር። እዚህ አገር ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ ስላልነበረ እዚህ በክር የተቀረጸው ውጭ አገር ተልኮ፣ መጀመሪያ በሕንድ፣ ታትሞ ነበር የሚመለሰው። (ተሰማ እሸቴ፣ አምሃ እሸቴ፣ ዓለማየሁ እሸቴ፤ መዝገብ ቤት የኖረ ሰው የአባት ስም ሲገጥም ሳያነሣ አያልፍምና ይቅርታ።) አቶ አምሃ በስድስት ዓመት ውስጥ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላና 12 ያህል ትልልቅ አወጡ። ከዚያ ዘመኑ ሲለወጥ በ1967 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሄዱ። አቶ አምሃም ዓለማየሁም በ2013 ዓ.ም.፣ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ዐርፈዋል።

በዚያን ጊዜ እኛ የ11 ዓመት ልጅ ነበርን። ቀበና አካባቢ አንድ ቡና ቤት ነበር፤ ኤሌክትሪክና የሸክላ ማጫወቻ ያለው። እኛ ከላይ ከባሕር ዛፉ ሥር ከነበረው መንደር፣ ኩራዝ ከሚበራበት፣ እንወርድና በር ላይ እንቆማለን። ባለቤቲቱ ልጅ እንዲገባ አይፈቅዱም፤ ሸክላውንም ከሳቸው በቀር ማንም በእጁ አይነካም። ጠርዙንና መሐሉን ብቻ ይዘው፣ በነጠላቸው ጫፍ አበስ አድርገው ያስቀምጣሉ። ሸክላው አርጅቶ መርፌው ሲዘልባቸው በክንዱ ራስ ላይ አንድ ስሙኒ ይጭኑበታል። ስሙኒው ከብዶት ይሄድላቸዋል። ሸክላውን ግን ያ ስሙኒ ነበር የሚበላው፤ ይህን በኋላ ነው ያወቅነው። አሁንም ድረስ አንዳንድ የዚያን ጊዜ ዘፈን ስንሰማ ድሮ መርፌው ይዘልበት የነበረበት ቦታ ላይ ሲደርስ ሳናውቀው ልባችን ይዘላል። ዘፈኑ ግን ሳይዘል ያልፋል። ለካ እዚያ ላይ አንድ ሙሉ ስንኝ ነበረው!

ከአቶ አምሃ በኋላም አሊ ታንጎ እየተባሉ የሚጠሩት አቶ አሊ አብደላ ካይፋ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1975 የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» በትልቅ ሸክላ ያወጡት እሳቸው ናቸው። እሱ ሸክላ በኋላ በአውሮፓ እንደ ገና ታትሞ የእኛን ዘፈን ለፈረንጅ ያስተዋወቀ ሆነ።

ደርግ ከመጣ በኋላ የሰዓት እላፊው ተጣለ፤ እስከ 1983 ዓ.ም. ቆየ። ጭፈራ ቤት የገባ ሰው ወይ በጊዜ ይወጣል ወይ እስኪነጋ ይቆለፍበታል። ሸክላም ከ1970 ዓ.ም. ገደማ በኋላ ቀረ፤ ካሴት ተተካ። ካሴት ፊሊፕስ የሚባለው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው ነው። እኛ አገር የገነነው ግን በዚህ በተዘጋ ዘመን መሆኑ አያስገርምም። ሸክላ ለማሳተም ውጭ አገር፣ የውጭ ምንዛሪ፣ ፈቃድ ያስፈልጋል። ለካሴት ግን ባዶ ካሴትና ሁለት ቴፕ ይበቃል። ማታ መውጣት የማይችል ሰውም ቤቱ ዘግቶ በባትሪ ድንጋይ ይሰማል። ድንጋዩ ሲደክም በጥርስ ነክሰነዋል፤ ፀሐይ ላይ አስጥተነዋል። ክሩ ሲበላና ሲጠመጠም በቢክ እስክሪብቶ አሽከርክረን መልሰናል። እስክሪብቶው ስድስት ማዕዘን መሆኑ ለጽሕፈት ብቻ የታሰበ አይመስለንም ነበር።

የካሴት ክር ማለት ስስ የፕላስቲክ ጥብጣብ ሆኖ በላዩ የብረት ዝገት ዱቄት የተቀባ ነው። በመቅረጫው ራስ ላይ ማግኔት አለ። ድምፁ ማግኔቱን ያጠነክረዋል፣ ያላላዋል፤ የብረቱ ዱቄትም በዚያው መጠን ይቀረጻል። የ60 ደቂቃ ካሴት ውስጥ ያለው ክር ቢዘረጋ ወደ 90 ሜትር ይሆናል፤ ከቤታችን እስከ ዕድሩ ዕቃ ቤት ያደርሳል። ሸክላው የተጫረ ስለ ሆነ አይደመሰስም፤ ይሰበራል እንጂ። ክሩ ግን ይደመሰሳል። በአንዱ ላይ ሌላ ቢቀረጽ የፊተኛው የለም። ይህን በደንብ ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

ስለ ካሴት ዘመን ሁለት ዓይነት ሰው መነሣት አለበት። አንደኛው ዘፋኙ ነው። ሙዚቃ ቤቶቹ፣ እነ አምባሰል፣ እነ ኤሌክትራ፣ እያንዳንዱን አዲስ ካሴት ለበዓል ሲያወጡ ሰው ይጋፋ ነበር። በሚቀጥለው ቀን ግን በየሠፈሩ ያለ ካሴት ገልባጭ ያንኑ ያባዛዋል። እኛም ራሳችን በደብተር ወረቀት የምንፈልገውን ዘፈን ዘርዝረን ሰጥተን «ምርጥ ምርጡን» አስቀርጸናል። አሁን ሲታሰብ ያ የሰው ላብ ነበር። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 የወጣው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ብዙዎቹ ዘፋኞች ካረጁ በኋላ ማለት ነው።

ሁለተኛዋ እናት ናት። ይህ ከዘፈኑ ይልቅ ይበልጥብናል። ያን ጊዜ ልጆች በሱዳን በኩል ይወጡ ነበር። እናት አትጽፍም። እኛ ጸሐፊ ስለ ነበርን የሠፈሩ ደብዳቤ በእኛ እጅ ነበር የሚያልፈው። «ለምናፍቅህና ለማፈቅርህ ልጄ» ብለን እንጀምራለን፤ እናትየዋ የምትለውን ሁሉ ግን አንጽፍም ነበር። ታለቅሳለች፤ ለቅሶ አይጻፍም። ሳንሱርም ያስፈራናል። ካሴት ሲመጣ እናቶች እኛን ተዉን። ከቴፑ ፊት ቁጭ ብለው ለልጃቸው በቀጥታ ይነግሩታል፤ ከዶሮው ጩኸት፣ ከጎረቤት ሳል ጋራ። ካሴቱ በሰው እጅ፣ በጫማ ውስጥ፣ በቡና ከረጢት ውስጥ ተደብቆ ይሄዳል። ሥራችንን ወሰደብን ብለን በጊዜው ቅር ብሎን ነበር። አሁን አያፍረን፤ ከእኛ ደብዳቤ ይልቅ ያ ይበልጥ ነበር።

እንግዲህ የራሳችንን እንናገር። በ1976 ዓ.ም. ከደመወዛችን ቆጥበን አንድ ናሽናል ቴፕ ገዛን። ታናሽ ወንድማችን ካርቱም ነበር። እናታችን፣ እላይ መንደር ሳሉ ጭራሮ ከእንጦጦ ተሸክመው ያሳደጉን፣ ቴፕ ፊት መቀመጥ ፈርተው ነበርና መጀመሪያ ለሙከራ አንድ ካሴት ላይ ቀረጽናቸው። እንዝርታቸውን እየፈተሉ የዘር ሐረጋቸውን እስከ ሰባት ትውልድ ቆጠሩ፤ የትውልድ አገራቸውን ጓሮ አንድ በአንድ ጠሩ። ከዚያም ፈትሉ ሲሄድላቸው የእንዝርት እንጉርጉሮ አወጡ፤ እኛ በልጅነታችን ያልሰማነው። በማግሥቱ ዋናውን በሌላ ካሴት ቀርጸን ላክን። በዋናው ግን ዐውቀው፣ ተጠንቅቀው፣ ሰላምታ ብቻ ተናገሩ። ያ የተላከውም ወንድማችን ከካርቱም ወደ አሜሪካ ሲሻገር ጠፋበት። የሙከራው እቤት ቀረ። ስም አልጻፍንበትም። የሺህ መዝገብ ቁጥር በቃል የምናውቅ፣ ፋይል ያለ ርዕስ ያስቀመጠ ተላላኪ የምንቆጣ ሰዎች፣ በእናታችን ድምፅ ላይ ስም አልጻፍንም።

እናታችን በ1981 ዓ.ም. ዐረፉ። በ1985 ዓ.ም. አንድ ቀን ማታ በሬዲዮ የምንወደው ዘፈን መጣ። ቸኩለን ከመሳቢያው እጃችን የገባውን ስም የሌለው ካሴት ከተትንና ቀዩን ቁልፍ ተጫንን። ከዚያ በኋላ የመጣውንም፣ ቀጥሎ የመጣውንም ቀረጽን። ከሳምንት በኋላ ነው የገባን። ገጹ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ዘፈኑ ቆመና አንድ ሳል ተሰማ። ከዚያም «ይሄ ዕቃ አሁን ይሰማኛል?» የሚል የእናታችን ድምፅ፤ ከዚያ የክሩ መጨረሻ ጠቅ ብሎ ቆመ። የተረፈን ያ ነው። ለባለቤታችን እንኳን ስንት ዓመት አልተናገርንም፤ ዛሬ በእናንተ ፊት መናገራችን ነው።

አሁን ልብ በሉ። በካሴት ጀርባ፣ ክሩ ከሚታይበት ወገን ተቃራኒ በሆነው ጠርዝ ላይ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉ። ገጹን ወደ እኛ፣ ክሩን ወደ ታች አድርገን ስንይዘው በግራ ያለው የዚያ ገጽ ጠባቂ ነው። ያ ጥርስ ከተሰበረ ቀዩ ቁልፍ አይወርድም፤ ማንም በላዩ ሊቀርጽ አይችልም። በጥፍር የሚሰበር ነገር ነው። ያን ያህል ነበር የሚያስፈልገው። እኛ ደግሞ በዚያን ጊዜ የምናውቀው ተቃራኒውን ነበር፤ ጥርሱ የተሰበረ ካሴት ሲገኝ ቀዳዳውን በወረቀት ወትፎ ወይም በፕላስተር ሸፍኖ እንደ ገና መቅረጽ።

የቀረውን ታሪክ ባጭሩ እንለፈው፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሲዲ በውጭ አገር የወጣው እ.ኤ.አ. በ1982 ሲሆን እኛ ዘንድ የደረሰው ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው። ከዚያም መቶ ዘፈን በአንድ ሲዲ፣ ሺህ ዘፈን በአንድ ፍላሽ፣ አሁን ደግሞ ሁሉም በስልክ ሆነ። የሚያስገርመው ግን አዲሱ ዕቃ ሲመጣ አሮጌው መፈለጉ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ የእነ አምሃንና የእነ ካይፋን ሸክላዎች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» እያለ በተከታታይ አሳትሞ ዓለም ሰማቸው። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ደግሞ አሜሪካ ሄዶ በዋሺንግተን ታክሲ ሲነዳ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮን የተጫወተበትን ካሴት አንድ አሜሪካዊ በባሕር ዳር ከተማ አግኝቶ በ2013 አሳተመው። ከዚያ በኋላ ኃይሉ በእርጅናው በአውሮፓና በአሜሪካ መድረክ ተመለሰ። አንድ ሱቅ ውስጥ አቧራ የጠጣ ካሴት የሰውን ኑሮ ለወጠ። ሱቁ ባለቤት «ማን ይገዛዋል» ብሎ ቢጥለው ኖሮስ?

ወጣቶቻችን «አሁን ሁሉም ስልክ ውስጥ ስላለ አይጠፋም» ይሉናል። በዚህ አንስማማም። የእኛ ካሴት 40 ዓመት ኖሯል፤ ከልጆቻችን ስልክ ግን መገናኛ ታክሲ ሲጠብቁ የተወሰደው፣ ውኃ የገባበት፣ የይለፍ ቃሉ የጠፋበት ስንት ነው? ያ የሟቹ ልጅ ራሱ፣ ድንኳን ውስጥ ያሰማን ድምፅ የነበረው በዚያች በአንዲት ስልክ ላይ ብቻ መሆኑን ሰሞኑን ጠይቀነው ነግሮናል። በዚያው ሰዓት ሌላ ቦታ እንዲገለብጠው አደረግን።

ወደ ክርክሩ ስንመለስ፣ በበኩላችን በደንባችን ላይ ክልከላ መጨመር አያስፈልግም እንላለን። ከድንኳኑ የወጣነው ነውር መስሎን ነበር፤ ሌሊቱን ግን ሲገባን የወጣነው በቅናት ነው። ልጁ የአባቱ ምርቃት ሙሉውን አለው፤ እኛ ያለን አንድ ጥያቄ ነው። ሆኖም በሣልስቱ፣ ቁስሉ እርጥብ ሳለ፣ ለዚያውም በትልቅ ድምፅ ማጉያ መሆኑ ትክክል አልነበረም። አንዲት እናት ራሳቸውን ስተው እንደ ነበር አይተናል። ቤተሰቡ ከፈቀደ የሐዘኑ ቀናት ካለፉ በኋላ፣ በቤት ውስጥ፣ በዝግታ ቢሰማ ክርስቲያኑም እስላሙም የሚቃወም አይመስለንም። በድንኳን ግን ለቀስተኛው ሳይነገረው ድንገት አይሁን። ይህ ሐሳባችን ነው፤ ጉባዔው ይወስናል።

ሌላው ጉዳይ ይህ ነው። ባለፈው ክረምት የዕቃ ቤቱን ቆጠራ ስናካሂድ፣ ከድስቶቹና ከወንበሮቹ ኋላ፣ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ሁለት ካሴቶች አገኘን። በላያቸው «ጠቅላላ ጉባዔ 1979» የሚል ጽሑፍ አለ፤ የጻፈው ሰው እጁ ይባረክ። የጎረቤታችን የልጅ ልጅ በቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በኩል በሽቦ ከኮምፒውተር ጋራ አገናኝቶ አስገባልን። አንድ ሰዓት ያለውን ካሴት ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ነው የሚፈጀው፤ ማቻኮል የለም። ስናዳምጠው የዕድራችን የመጀመሪያው ዳኛ ድምፅ አለ፤ ስለ መዋጮ ሲቆጡ። ያን ጊዜ ወርሐዊ መዋጮው ይጨመር ሲባል የተነሣው ጫጫታ ከዛሬው ጧት ጫጫታ ምንም አይለይም። ጡሩምባ ነፊያችን የነበሩት ሰው ደግሞ «ጡሩምባዬ ተቀዷልና ይጠገንልኝ» ብለው ሲያመለክቱ ይሰማሉ። በድምፅ ያወቅናቸው 14 ሰዎች ናቸው። ከእነዚህ መካከል ዛሬ በሕይወት ያሉት ሦስት ብቻ ሲሆኑ ሁለቱ እዚሁ ተቀምጠዋል።

ስለዚህ ኮሚቴው በፈቀደው መሠረት እንዲህ እናደርጋለን። በየቤታችሁ ያለውን፣ ዘፈን ሳይሆን የሰው ድምፅ ያለበትን ካሴት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ዕቃ ቤቱ አምጡ። ምን እንዳለበት ባታውቁም አምጡ። ክሩ ላይ ነጭ እንደ ዱቄት ያለ ሻጋታ ካያችሁ ቴፕ ውስጥ አትክተቱት፤ ክሩንም የቴፑንም ራስ ያበላሻል። ከድምፅ ማጉያ አጠገብ አታስቀምጡት፤ ውስጡ ማግኔት አለበት። ማን እንደሚናገር፣ መቼ፣ የት እንደ ተቀረጸ የምታውቁትን በቁራጭ ወረቀት ጻፉ፤ መጻፍ ለማትችሉ እኛ እንጽፋለን፤ ሥራችን ነበር። የተገለበጠው በሁለት ፍላሽ ሆኖ በሁለት የተለያየ ቤት ይቀመጣል። ካሴቱ ለባለቤቱ ይመለሳል። የቤተሰብ ምስጢር የሆነውን እኛም አናዳምጥም፤ ልጁ የጆሮ ማዳመጫውን ለባለቤቱ ይሰጣል።

የ1979ኙን መስማት የምትፈልጉ ከሻይ በኋላ እዚሁ እናሰማለን። ካሴቶቹ ወደ ቆርቆሮው ተመልሰዋል። ከመመለሳችን በፊት የሁለቱንም አራቱን ጥርሶች ሰብረናቸዋል።